የበግ ዕረፍት

«በጎቹ ሲተኙ አብረህ ትተኛለህ አሉ!»

ሰላሕዲን ይህን ያለው ሰላምታ እንኳ ሳያቀርብ፣ ታናሽ ወንድሙ ሙጅታባ ከመኪናው ወርዶ እግሩ መሬት ሳይነካ ነው። ሙጅታባ ከፖርት ሱዳን ዱቄት ጭኖ፣ አሥራ አራት ሰዓት ነድቶ፣ ጎህ ሲቀድ ካርቱም፣ ባሕሪ ሰፈር ያለው መጋዘን ግቢ መግባቱ ነበር። ዓይኑ ውስጥ አሸዋ የተበተነበት ይመስል ይቆረቁረዋል። ወገቡ የእሱ አይደለም። የቀረችው አንዲት ምኞት ሳጃና ሰፈር ያለችው የኪራይ ክፍሉ ገብቶ በሩን መዝጋት ነበረች።

«ማነው ያለው?» አለ።

«በክሪ! የበግ ነጋዴው! ሊያመሰግንህ ቢሮዬ ድረስ መጥቶ። ‹ወንድምህ ወላሂ ወርቅ ነው፤ አምስት ሰዓት ነድቶ ይቆማል፣ በጎቼ ወርደው ውሃ ይጠጣሉ፣ ጥላ ውስጥ ይጋደማሉ፣ እሱም አጠገባቸው ለጥ ይላል› አለኝ። በኔ መኪና! እኔ ደግሞ ይሄ ወንድሜ ለምን በግ በግ ይላል እላለሁ። ስምንት ወር ሙሉ!»

ሙጅታባ አልካደም። እውነት ነዋ።

እንግዲህ ሰው ስለ ጭነት ሲያስብ የሚያስበው ሞልቶ ሄዶ ሞልቶ መመለስን ነው። ባዶ የሚሮጥ ተሳቢ ጎማና ጃዝ፣ ያው ናፍጣ፣ ከመብላት በቀር ሥራ የለውም። ይህን ሙጅታባ ከማንም በላይ ያውቃል፤ ሃያ ዓመት ነድቷል። ግን ሌላም ነገር ያውቃል። ሲሚንቶ አፍ የለውም። ዱቄት አፍ የለውም። ሰሊጥ መርከብ ይጠብቀዋል፣ ሽንኩርት ይበሰብሳል፣ ስለዚህ ባለቤቱ ሌት ተቀን እየደወለ «የት ደረስክ?» ይላል። ከጭነት ሁሉ አፍ ያለው በግ ብቻ ነው። በግ ካላረፈ ይሞታል፤ ከሞተ ደግሞ ነጋዴው ይከስራል። ስለዚህ ነጋዴው ራሱ «ቁም፣ ይረፉ» ብሎ ያዛል። ለሹፌሩ ብሎ «ቁም» ያለ ባለንብረት ግን ሙጅታባ በሃያ ዓመት አንድም አላጋጠመውም። ሂሳቡን ሠራ፤ ወደ ፖርት ሲወርድ በግ መረጠ። ዋጋው ዝቅ ያለ ነው፣ መኪናው ይገማል፣ ይሁን። ቢያንስ በአንዱ በኩል ይተኛል።

ለምን እንዲህ እንዳደረገ ለማንም አልተናገረም፤ ለእናታቸው ለእማማ ዝናሽም ቢሆን። የዛሬ ስምንት ወር ሃያ ከምትባለው ከተማ ወዲህ፣ ሁለት ጭነት ሳያርፍ አከታትሎ ሲነዳ፣ ዓይኑን ሲገልጥ መኪናው ከአስፋልት ወጥቶ አሸዋ ውስጥ ቆሟል። ከመኪናው አፍንጫ አራት እርምጃ ርቃ አንዲት ሻይ ሻጭ ማንቆርቆሪያዋን እንደያዘች ደርቃ ቆማለች። መቼ እንደተኛ አያውቅም። ሴትዮዋ እንኳ አልጮኸችም፤ ዝም ብላ አየችው። ያን ዕለት ማለ፤ ስድስት ሰዓት ሳይተኛ ረጅም መንገድ ላይወጣ፣ ከወጣም አንድ ቀን ሰው ገድሎ እንደሚያድር ለራሱ ነገረው።

«በጉ አብቅቷል፣ ኻላስ» አለ ሰላሕዲን። «ዱቄቱ ይውረድና ሰሊጥ ጫን። መርከቧ ከነገ ወዲያ ጠዋት ትዘጋለች።»

«ስድስት ሰዓት ልተኛና እወጣለሁ።»

«ስትመለስ ትተኛለህ።»

«ሰላሕዲን፣ አሥራ አራት ሰዓት ነድቻለሁ።»

«እኔስ እዚህ ስጨፍር ነው ያደርኩት? ያላ፣ ጫን! ካልሆነ ቁልፉን አስቀምጥ፤ ሹፌር እንደ አሸን ነው።»

ጋሼ ይለው ነበር ድሮ። አባታቸው ሲሞቱ ተሳቢው «ለጊዜው» በታላቁ ስም ይሁን ተባለ፤ ያ ጊዜ ይኸው ዘጠኝ ዓመት ሞላው። አንዱ ጀሪፍ ቤት ሠራ፣ ሌላው ሳጃና ተከራይቶ ቀረ። ሁለቱም ካርቱም ተወልደው ያደጉ፣ ከአንድ ማኅፀን የወጡ ናቸው፤ ሲነጋገዱ በዐረብኛ፣ ሲሰዳደቡ በእናታቸው ቋንቋ፣ በአማርኛ ነው። ሰሞኑን ደግሞ የሚነጋገሩት በአማርኛ ብቻ ሆኗል።

ሙጅታባ ቁልፉን አላስቀመጠም። ሌላ ሥራ የለውም፣ ሌላ ሥራም አያውቅም። ጥርሱን ነክሶ ሰሊጥ ጫነ። ጭነው ሲጨርሱ ቀትር ሆነ፤ ከዚያ የጃዝ ሰልፍ ገባ።

የዚያን ሰሞን የጃዝ ሰልፍ ያላየ ሰው፣ ሰልፍ አየሁ ባይል ይሻለዋል። ከማደያው በር ተነስቶ የትየለሌ ይሄዳል። በየሩብ ሰዓቱ አንድ መኪና ርዝመት ፈቀቅ ትላለህ። ቀና ብለህ ካልጠበቅክ፣ ለአፍታ ዓይንህን ከከደንክ፣ አንዱ ዓይን አውጣ ከጎን ሾልኮ ይገባል፤ ከዚያ ጩኸት፣ ከዚያ ቡጢ። ሙጅታባ ያን ቀን ዋለ፣ ሌሊቱን አደረ። እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። ከኒም ዛፍ ሥር ሻይ የምትሸጠው ዘርፈሽ በየሰዓቱ ዝንጅብል የበዛበት ሻይ ታቀብለው ነበር። ጎንደሬ ናት፣ እናቱን ታውቃለች።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሰላሕዲን በታክሲ መጣ። ጀለቢያው ነጭ፣ ፊቱ የተኛ ሰው ፊት።

«ኢንሻላህ ጥሩ አርፈሃል» አለው። «ሃያ ሰዓት ተቀምጠሃል!»

ሙጅታባ መጀመሪያ የሚያሾፍበት መሰለው። አላሾፈም፤ የምሩን ነው።

«ተቀምጫለሁ?» አለ፤ ደሙ ፈላ። «ተቀምጫለሁ ነው ያልከኝ?»

«ነዳህ እንዴ? አልነዳህም። ያልነዳህበት ሰዓት ዕረፍት ነው።»

ዘርፈሽ ከዛፉ ሥር ሆና ሰማች፤ ደግሞ ሰምታ ዝም የምትል ሴት አይደለችም።

«ልጁ ከትናንት ጀምሮ ዓይኑን አልከደነም እኮ! እግዜርን አትፈራም?»

«ተቀምጦ ነው የዋለው፣ አንቺ ሴትዮ።»

«እኔም ተቀምጬ ነው የምውል! ማታ ወገቤን ደግፈው ነው የሚያነሱኝ። ተቀመጠች ብለህ አረፈች ትለኛለሃ!»

ሹፌሮቹ ሳቁ። ሰላሕዲን አልሳቀም፤ ጆሮው ሥር ቀላ።

«ከላም ፋዲ!» አለ፤ ባዶ ወሬ ማለቱ ነው። «እንደውም አብሬህ እሄዳለሁ። እስከ ፖርት ድረስ። አጠገብህ ቁጭ ብዬ ሰዓትህን እቆጥራለሁ። የት እንደምትቆም፣ ስንት እንደምትቆም አያለሁ። በኔ ዓይን ሥር ትተኛ እንደሆነ እናያለን።»

«ና» አለ ሙጅታባ። «ውጣ።»

ወጣ። በሩን ድርግም አድርጎ ዘጋው፣ ጥምጥሙን አስተካከለ፣ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ እንደ ዳኛ ተቀመጠ። ሰልፉ አንድ ፈቀቅ አለ። ሁለት ፈቀቅ አለ። ፀሐይዋ መስታወቱን ስትመታው የመኪናው ውስጥ እንደ ምድጃ ጋለ። ሦስተኛው ላይ የሰላሕዲን አገጭ ደረቱን ነካ። አራተኛው ላይ አንኮራፋ።

አይ ዳኛ!

ሙጅታባ ዞር ብሎ አየው። አፉ ተከፍቷል። እንዴት ያለ እንቅልፍ ነው! ሞተሩ ሲነሳ አይሰማ፣ ሹፌሮች ሲሰዳደቡ አይሰማ፣ ዘርፈሽ መጥታ በመስኮት አይታው «ወይ ጉድ!» ስትል አይሰማ። ሙጅታባ ቀናበት። በቤቱ አልቀናበትም፣ በመኪናው አልቀናበትም፤ በዚያ እንቅልፍ ግን አንጀቱ እስኪቃጠል ቀናበት። አንገቱን አንቆ ቢይዘው ደስ ባለው። ከረፋድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ እንዲህ ሆነ፤ አንዱ ተኛ፣ ሌላው መኪናውን ፈቀቅ አደረገ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጃዙ ሞላ። ሙጅታባ ወደ ሰሜን የሚወጣውን መንገድ ያዘ። መስኮቱን ከፈተ፣ ሬዲዮኑን ከፍ አደረገ፣ ጉንጩን በጥፊ መታ። አርባ ቶን ሰሊጥ ከኋላው አለ። «ከከተማ እንውጣና አንድ ጥላ ፈልጌ እቆማለሁ፤ የፈለገውን ይበል» ብሎ አሰበ። እስከዚያ ብቻ። ትንሽ ብቻ።

ከዚያ ምንም የለም። አሰበ፣ ከዚያ ምንም የለም።

ያነቃው ድምፅ ነው፤ ቷ! የሚል የመስታወትና የብረት ድምፅ። መኪናው ወደ ቀኝ ተስቦ ነበር። በቀኝ በኩል አንድ ሚኒባስ ዳር ይዞ ሰው እየጫነ ነው። የተሳቢው የጎን መስታወት ከሚኒባሱ ጋር ተላትሞ ረገፈ፤ ስባሪው በመስኮቱ ገብቶ ሰላሕዲን ጭን ላይ ፈሰሰ። ሰላሕዲን ዓይኑን ሲገልጥ ከፊቱ አንድ ክንድ ያህል ርቀት ላይ ፊቶች አሉ፤ ሰማያዊ ሻሽ ያደረገች ሴት፣ አንድ ሽማግሌ፣ ሁሉም አፋቸውን ከፍተው ያዩታል። ሙጅታባ መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዘ፣ ፍሬኑን ረገጠ፤ ተሳቢው እያቃሰተ መቶ እርምጃ ያህል ሄዶ መሐል መንገድ ላይ ቆመ።

ማንም አልተጎዳም። አልሐምዱሊላህ፣ ማንም አልተጎዳም። ሰዉ ግን ከኋላ ይራገማል፣ አንዱ ጫማውን ወረወረ።

ሰላሕዲን ጭኑ ላይ ያለውን ስባሪ ያያል እንጂ አያራግፍም። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል።

«ምን… ምን ሆነህ ነው?» አለ በመጨረሻ።

«ተኝቼ።»

«ምን?»

«ተኛሁ። መሪ ይዤ ተኛሁ። ይኼ ሁለተኛዬ ነው፤ ሦስተኛውን አብረን አናየውም።» ሙጅታባ ሞተሩን አጠፋ፣ ቁልፉን ነቅሎ ወንድሙ ፊት ዳሽቦርዱ ላይ አስቀመጠ። «ውሰድ። አንተ ከረፋድ ጀምረህ ተኝተሃል። ተራው ያንተ ነው።»

«ተሳቢ መንዳት እንደማልችል ታውቃለህ!»

«አውቃለሁ። እንግዲያው ቁጭ በል። እኔ ከኋላ አልጋዋ ላይ ልተኛ ነው። ከቀሰቀስከኝ ወርጄ በእግሬ ሳጃና እገባለሁ፤ መኪናውንም ሰሊጡንም መርከብህንም አንተ ታውቃለህ።»

«መሐል መንገድ ላይ? አብደሃል? አባርርሃለሁ! ወላሂ አባርርሃለሁ!»

«አባረኝ» አለ ሙጅታባ። «ስነሳ አባረኝ።»

ከወንበሩ ጀርባ ወዳለችው ጠባብ አልጋ ተሻግሮ መጋረጃውን ሳበ። ሃያ ዓመት የያዘውን ወንበር በገዛ እጁ ለቆ መውጣቱ አሁን ገና ገባው። ነገ ምን ሊበላ ነው? እናቱን ምን ሊላት ነው? ቢሆንም ጫማውን አወለቀ።

ከኋላ ጥሩምባው ቀለጠ። አውቶቡሱ፣ ባለሦስት እግሩ ረክሻ፣ የጭነት መኪናው፣ ሁሉም ባንድ አፍ። ሰላሕዲን በሹፌሩ በኩል መስኮት አንገቱን አውጥቶ «እለፉ! በዚያ እለፉ!» እያለ ይጮኻል፤ በእናቱ ቋንቋ ለጆሮ የሚከብድ ስድብ ይሳደባል። ጥቂት ቆይቶ በሩ በዱላ ተደበደበ። የትራፊክ ፖሊስ ነው።

«አንቀሳቅስ!»

«ሹፌር አይደለሁም፣ ጌታዬ።»

«ሹፌሩ የት አለ?»

ሙጅታባ በጨለማዋ አልጋ ውስጥ ዓይኑን አፍጥጦ መጋረጃውን ያያል። ሰላሕዲን እጁን ሰዶ ይህችን ጨርቅ ከሳባት አለቀ። ጫማውን ሳያጠልቅ ይወርዳል፤ ዳግመኛም ዓይኑን አያየውም። የወንድሙን ትንፋሽ ይሰማል። የመስታወት ስባሪ ከጭኑ ላይ ወለሉ ላይ ሲወድቅ ይሰማል።

«ተኝቷል» አለ ሰላሕዲን።

«ቀስቅሰው!»

«አልቀሰቅሰውም። ሁለት ቀን አልተኛም። አሁን ሚኒባስ ሙሉ ሰው ልንጨርስ ነበር፤ በዓይኔ አየሁ። ቅጣትህን ጻፍ። ክሬን ጥራ። ከፈለግህ እኔን እሰረኝ።»

«ስንት ሰዓት ነው የሚተኛው?» አለ ፖሊሱ፤ እየተሳለቀ።

የሰላሕዲን ድምፅ ውስጥ ፍቅር አልነበረም። ፍርሃት ነበር፣ ንዴት ነበር፣ ጥርሱ መሐል የተነከሰ ጥላቻም ነበር። ሙጅታባ ግን ፍርሃቱ ብቻ በቃው።

«ስድስት ሰዓት» አለ ሰላሕዲን። «ከዚያ በፊት የሚነካው የለም።»

ፖሊሱ ምን እንደመለሰ ሙጅታባ አልሰማም።