ዶክተር ዘንድ አምጡ

ሥራዬ የምትባለዋ ሴት የእንስሳት ጤና ባለሙያ ናት። ከጎጃም ተመድባ ሐረር ከመጣች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። የክትባት ማስታወቂያ ስትጽፍ ቃል አታበዛም፦ «ከብቶቻችሁን ሐሙስ ጠዋት ሐኪም ጋራ አምጡ።» ሐኪም ጋራ የሚባለውን ኮረብታ የማያውቅ የለምና የድሬ ጠያራ ወረዳ ገበሬ አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም።

ዘንድሮ ግን አዲሱ አለቃዋ ያሬድ ወረቀቱን መለሰባት።

«ከአምናው ቃል በቃል የተገለበጠ ነው። በላይ ያሉት አይቀበሉትም።»

«በሽታው የአምናው፣ ቦታው የአምናው! ምኑን ልቀይር?»

በዕድሜ ብትበልጠውም «እህቴ» ነው የሚላት። «አንቺ አትልፊ እህቴ። ቃሉን በተመሳሳይ ቃል የሚተካ ፕሮግራም አለኝ።»

ፕሮግራሙ ተካው፤ ያሬድ ሳያነበው ማህተም መትቶ በተነው።

ሐሙስ ሥራዬ የበረዶ ሳጥኗን ይዛ ሐኪም ጋራ ወጣች። አንድ የሰፈሩ ሰው ሁለት ላሞች ይዞ ሲመጣ ለሃምሳ ከብት የሚበቃውን የክትባት ብልቃጥ በጠበጠች። ከተበጠበጠ በኋላ መድኃኒቱ አያድርም። ከዚያ ወዲያ ግን ዝር ያለ የለም። አራት ሰዓት ሆነ፤ አምስት ሆነ። ስልኳ ጮኸ።

«በማስታወቂያው ላይ ያለው ቁጥር ያንቺ ነው?» አለ አንድ ቁጡ ድምፅ። «እኔ ከተማው ፈላና በር አጠገብ ያለው ክሊኒክ ዘበኛ ነኝ። ነይና ከብቶችሽን ሰብስቢ! በሽተኛ መግቢያ አጣ!»

በባጃጅ ከንፋ ስትደርስ አብዛኛው ገበሬ ተባሮ ሄዷል። ሼህ አብዱልፈታ ብቻ ከአራት ላሞቻቸው ጋር አጥሩን ተጠግተው ቆመዋል።

«ምነው አባቴ፣ ሐኪም ጋራ እኮ ነው ያልነው!»

ሽማግሌው ወረቀቱን ዘረጉላት። «መስጊድ ነው የተነበበልን። ወላሂ ልጄ፣ ላም ክሊኒክ ትገባለች ወይ ብዬ ነበር። ማህተም አለው አሉኝ።»

አነበበችው። «የቀንድ ከብቶቻችሁን ሐሙስ ማለዳ ዶክተር ዘንድ አምጡ።» ሐኪሙ ዶክተር፣ ጋራው «ዘንድ» ሆኗል። አራቱን ላሞች እዚያው አጥር ሥር ከተበች፤ አርባ አራት ከብት ሊያድን የሚችለውን መድኃኒት ግን መድፋት ግድ ሆነባት።

ቢሮ ገብታ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

ያሬድ አየውና «ፕሮግራሙ እኮ ዘጠና አምስት በመቶ ትክክል ነው» አላት።

«አምስቱ በመቶ ክሊኒኩ ደጃፍ ላይ እበቱን ጥሎ ሄዷል!»

«በቃ፣ የይቅርታ ማስታወቂያ ጻፊና እኔ በፕሮግራሙ…»

አላስጨረሰችውም፤ በሩን በላዩ ላይ ድርግም አድርጋ ወጣች። በማግስቱ ድሬ ጠያራ ወርዳ፣ ከጁምዓ ሶላት የሚወጡትን መስጊዱ በር ላይ ጠብቃ ክትባቱ በሚቀጥለው ሐሙስ ኮረብታው ላይ መሆኑን በአፏ ነገረቻቸው። ሰዎቹ ሰሟት። ሆኖም ሐሙስ ሲደርስ ከመጡት ከብቶች ይልቅ የቀሩት በለጡ።

«ክሊኒክ በር ላይ ከተማው ስቆብናል፣ ሁለተኛ አንሄድም ብለዋል» አሏት ሼህ አብዱልፈታ።

ለቀሩት ሳጥኗን ተሸክማ ከቤት ቤት መዞር ነበረባት። ሦስት ቀን ፈጀባት፤ ሦስቱንም ቀን እንደተናደደች ነበር።