አፈር ማስታቀፍ

አምሳለ የመጨረሻውን ድንች ጉድጓዱ ውስጥ አስቀምጣ፣ አፈሩን በሁለት እጇ እየመለሰች ነበር። ጉድጓዱ እስከ ክርኗ ይደርሳል። ከአጥሩ ወዲያ ከዘንገና ሐይቅ የተነሣው ጉም ቀስ እያለ ይመጣል፤ መጀመሪያ ዛፎቹን፣ ቀጥሎ የጎረቤትን ጣሪያ፣ ቀጥሎ ራሱን አጥሩን ወሰደ።

«የምትቀብሪው ማንን ነው?» የሚል ድምፅ ከኋላዋ መጣ። አማቷ እማማ ሸጋ ናቸው።

«ድንች ነው እማማ።»

«ድንች መሆኑንማ አየሁ። መቼ ሞተ ብዬ ነው።»

አምሳለ አንገቷን ደፋች። የተወለደችው ጫግኒ ነው፤ ቆላ። እናቷ ጎደሬውንም ድንቹንም አጥልቃ ነበር የምትተክለው።

«በእኛ አገር ካልጠለቀ ፀሐይ ያነደዋል» አለች በለሆሳስ።

«እዚህ የምን ፀሐይ አለና ነው፣ የቆላ ልጅ? እዚህ ያለው ውሃ ነው። ድንቹ ከላይ ይቀመጥና አፈር ያስታቅፉታል፣ እንደ አራስ ልጅ።» በአገውኛ አንድ ነገር ለራሳቸው አጉረመረሙና ጉሙ ውስጥ ገቡ።

ጊዜው ሃምሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ ወሩ ሚያዝያ ነበር። አምሳለ ክንዴን አግብታ ወደ እንጅባራ ደጋ ከወጣች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ባልና ሚስቱ የሚኖሩት ከክንዴ ወላጆች ጋር፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ነው። ክንዴ ጎጆ ለመውጣት እንጨቱን ቆርጦ ካዘጋጀ ቆይቷል፤ ከቤት ጀርባ የተደገፈው እንጨት ሽበት አብቅሏል። የጎደለው የአባቱ ፈቃድ ብቻ ነው። አባባ ሽባባውም ቃላቸውን አስቀምጠዋል። «የፍልሰታን ጾም ከራሷ ጓሮ አብልታ ያሻገረችን ዕለት ጎጆ ይወጣሉ። ጓሮዋን ያላወቀች ሴት ልጄን በነሐሴ በረሃብ ትገድልብኛለች።»

አምሳለ የምትፈልገው ብዙ አልነበረም። ማታ እሷ የምትዘጋው፣ ጠዋት እሷ የምትከፍተው አንድ በር።

ከተሰጣት ጓሮ አብዛኛውን እንደ እናቷ ቆፍራ ቀበረችበት። በአንዱ ጥግ ግን በገበያ ጨው የምትሸጥላት ከዲጃ እንደመከረቻት አደረገች። «ሙሉ ድንች መቅበር ምግብ መድፋት ነው እህቴ» ብላት ነበር ከዲጃ። «በየዓይኑ ቆራርጪው፣ ቁስሉን አመድ ቀቢው፣ አንዱ አራት ይሆንልሻል።» በአጥሩ ሥር በቀረችው ጠባብ መስመር ላይ፣ አማቷን ላለማስቀየም ብቻ፣ ድንቹን ሙሉውን ከላይ አስቀምጣ አፈሩንና የፈረስ ፍጉን ከግራና ከቀኝ ሰብስባ አስታቀፈችው።

ዝናቡ መጣ። መጣና አልሄደም። አምሳለ በእንቅልፏ ከመሬት በታች መሄድ ጀመረች። እዚያ ጣሪያው የተክል ሥር ብቻ ነው፤ ድንቾቹ ከሥሮቹ ላይ እንደ ኩራዝ ተንጠልጥለው በስሱ ያበራሉ። እሷ በእያንዳንዱ አጠገብ ቆማ ትንፋሹን ታዳምጣለች። ወደ ታች ያሉት፣ የጠለቁት፣ አንድ በአንድ ይጠፋሉ። ነቅታ እንኳ ጨለማው ዓይኗ ላይ ይቆያል።

ሰኔ ሲጋመስ ከጥልቆቹ ጉድጓዶች የወጣው ቅጠል እዚህም እዚያም ጥቂት ነበር። አንዱን ብትቆፍረው ድንቹ ሸቶ በጣቶቿ መሃል ፈሰሰ። ከዲጃ ካስቆረጠቻት ገሚሱ በቅሏል። በአጥሩ ሥር ያለው መስመር ግን ጠቁሮ፣ ፋፍቶ ነጭ አበባ አወጣ። ቢሆንም አንድ መስመር አራት ሰው ጾሙን አያሻግርም።

«ለአባባ ልንገራቸው?» አላት ክንዴ።

«ምን ብለህ?»

«ዘንድሮ አልሆነም፣ ለከርሞ ብዬ።»

«ዝም በል እስቲ። ገና አልዳበስኩትም።»

በዚያ አገር ድንች ለጊዜው ቀለብ ሲፈለግ አይነቀልም፤ ይዳበሳል። እጅ በጎን ይገባል፤ ትልቁን ይወስዳል፤ ትንሹን ይተዋል፤ አፈሩን ይመልሳል። ተክሉ ምንም እንዳልሆነ ያድራል። አምሳለ ይህን ከአማቷ አይታለች።

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል፣ ጉሙ ጓሮውን በሞላበት አንድ ማለዳ፣ መስመሩ ሥር ተንበርክካ እጇን አስገባች። አፈሩ ከውጭው አየር ይልቅ ይሞቃል። የመጀመሪያውን ድንች ስትስበው ቀጭን ክር ተከትሎት ተበጠሰ፤ የድንች እትብት። ቀጥሎ አንድ ትልቅ አገኘች። ቀጥሎ ሌላ። ወደሚቀጥለው ተክል ሄደች፤ እዚያም ከተክሉ አቅም በላይ ሞልቷል። «እመቤቴ ማርያም» አለች በሹክሹክታ።

ከዚያ አውራ ጣቷ አንድ ነገር አወቀ። ኋላ ያገኘቻቸው ክር የላቸውም። ስትስባቸው የሚበጠስ ነገር የለም፤ እትብታቸው የነበረበት ቦታ ደርቆ ድኗል። ሌላ ቦታ የተወለዱ ናቸው።

ይህን እያሰበች ሳለ ኮቴ ሰማች። ከመስመሩ ጫፍ እማማ ሸጋ የቀሚሳቸውን ጫፍ ሰብስበው ከጉሙ ወጡ። ጎንበስ አሉና ከታቀፉት ላይ አንድ አንድ ድንች እያነሡ አፈሩ ውስጥ አስገቡ፤ አፈሩንም መታ መታ አደረጉት፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው።

«እማማ?»

«እሪ! ጅብ መሰልሽኝ!»

«ምን እየሠሩ ነው?»

«ድንች እያስተኛሁ ነው። ምን ታፈጥጫለሽ?»

«የራስዎን ድንች… ለእኔ?»

«ለአንቺ ያለው ማን ነው? ለራሴ ነው።» እማማ ሸጋ እርጥቡ መሬት ላይ ተቀመጡ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ‹ጨው በዛ› ስልሽ፣ አንቺም ‹እሺ እማማ› ስትይኝ፣ ታከተኝ። አንድ ጉልቻ ላይ ሁለት ሴት ጢስ ብቻ ነው ትርፉ። ውጪልኝና ቤትሽ እየመጣሁ ልውቀስሽ። ያኔ ቤቱ የአንቺ ነውና ዝም ብለሽ አትሰሚኝም፤ ትመልሺልኛለሽ።»

አምሳለ ሳቋ አመለጣት። «አባባ ቢያውቁስ?»

«እሱ? የፈረስ ጥርስ አይቶ ዕድሜውን ይነግርሻል። ድንች ግን ከምንቸት የሚወለድ ይመስለዋል።»

የፍልሰታ መጀመሪያ ቀን፣ ከቅዳሴ መልስ፣ አራቱም በተቀቀለው ድንች ዙሪያ ተቀመጡ። አባባ ሽባባው አንዱን ልጠው በጨው ነክተው ቀመሱ።

«የጓሮሽ ነው?» አሉ።

ምንቸቱ ይተነፍሳል። አምሳለ በሩን በሐሳቧ አየችው፤ የራሷን በር፣ ገርበብ ብሎ፣ ከወዲያው ብርሃን ያለበት። ዝም ካለች ይከፈታል። የእማማ ሸጋ ጉልበት ጉልበቷን ገፋ አደረገው። እሷ ግን የታያት ያ የደረቀ የእትብት ቦታ ነበር።

«ሲሶው የእኔ ነው አባባ። የቀረው የእማማ ነው። አጥልቄ የተከልኩት በሰበሰ።»

እማማ ሸጋ በአገውኛ ተራገሙ። አምሳለ ያን ያህሉን አገውኛ ታውቃለች።

አባባ ሽባባው ድንቹን አላምጠው ጨረሱ። ከዚያ ወደ ሚስታቸው ዞሩ። «አንቺ ሴትዮ፣ ይህችን ልጅ ለማስወጣት ይህን ያህል ደከምሽ?»

«ደከምኩ። ምን ይሁን?»

«አንቺስ» አሉ ወደ አምሳለ፣ «ለምን እንደበሰበሰ ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል። እዚህ የሚፈራው ውሃ ነው። ለከርሞ ሁሉንም ከላይ አስቀምጬ አስታቅፋለሁ።»

አባባ ሽባባው ሌላ ድንች አነሡ። «ክንዴ፣ መስከረም ሲጠባ ለጎጆህ የክዳን ሣር የምናጭድበትን ቦታ ፈልግ» አሉና መላጥ ጀመሩ። ክንዴ ትኩሱን ድንች ሳይልጥ ዋጠው።

ወደ ማታ ጉሙ ተመለሰ። አምሳለ ከቅርጫቱ ሥር የተረፉትን ትንንሾቹን ድንቾች ለዘር ለይታ፣ ጓዳው ጥግ በገለባ ላይ ዓይናቸውን ወደ ላይ አድርጋ ደረደረቻቸው። አንዱ አንዱን እንዳይነካ ሁለቱን ፈቀቅ አደረገች። በላያቸው የተነፋ አመድ በስሱ በተነች፣ ገለባ አለበሰቻቸው። እጇን አራግፋ ባዶውን ቅርጫት ግድግዳው ሥር ደፍታ አስቀመጠችው።