ሃያ አራት ፖስታ፣ አንድ ጭራ

ዲንሳን ሳየው ያቅለሸልሸኛል። ድሮም አልወደውም ነበር፤ አሁን ግን ስሙ ሲጠራ ራሱ ምራቄ ይመረኛል። እናንተው ፍረዱ።

እኔ ሩት እባላለሁ፣ አምቦ ውስጥ አንድ የከብት ምርመራ ላቦራቶሪ ነው የምሠራው። ደንዲ ውስጥ ባለ አንድ ቀበሌ ጥጆች በተወለዱ በሳምንታቸው ይሞቱ ጀመር። እዚያ ሰፈር ሁሉም ላሙን የሚያስጠቃው በአንድ ኮርማ ነው። በዘር የሚወርድ በሽታ ሳይሆን አይቀርም ተባለ፤ ላሟም ኮርማውም ከተሸከሙት እነሱ ምንም ሳይሆኑ ጥጃቸውን ይገድላል። ስለዚህ ከየላሟና ከኮርማው የጭራ ፀጉር ተነቅሎ ይምጣ ተባለ። መነቀል አለበት፣ ዲኤንኤው ያለው ሥሩ ላይ ነው። የላቦራቶሪያችን ሠራተኛ ዲንሳ ተላከና ሃያ አራት ፖስታ ይዞ መጣ፤ በየፖስታው ላይ የባለቤቱ ስም ተጽፏል።

ከዚያ በኋላ ሥራው የእኔ ነው። ከእያንዳንዱ ከብት ዲኤንኤ ላይ ስልሳ ቦታ መርጠን፣ ሁሉንም በአንድ ቱቦ ውስጥ ባንዴ እናባዛለን። ማሽኑ ሲያሞቅ ሲያቀዘቅዝ ውሎ፣ በዓይን የማይታየውን ነገር ሚሊዮን ያደርገዋል። ከስልሳው አንዱ ስለ በሽታው ይናገራል፤ አንዱ ወንድ ይሁን ሴት ይለያል፤ የቀሩት ከብቷ የትኛዋ እንደሆነች ይነግሩናል፣ እንደ ጣት አሻራ በሉት። እኛ ቤት ግን አንድ የተረገመ ልማድ አለ። ውጤት እንደወጣ የበሽታውን ዓምድ ብቻ አይተን ስልክ እንመታለን። የቀረው ሲመቸን ይታያል።

ያን ሰሞን አዴ ጂቱ በየቀኑ ይደውሉልኝ ነበር። ባላቸው የሞቱባቸው፣ አንዲት ላም ብቻ ያለቻቸው ሴትዮ ናቸው። ላሟ ሁለት ጥጃ በተከታታይ ስለሞተባት ከኮርማ ከልክለዋት ቆይተዋል። ሰኞ ጠዋት ገና ጋወኔን ሳልለብስ ደወሉ።

"አካም ጅርታ፣ ሩቲኮ? ደህና ነሽ ልጄ? ላሜ ኮርማ ፈልጋ ስትጮህ አደረች። ምን ላድርግ? ሦስተኛ ጥጃ መቅበር አልችልም።"

"ቆይ አዴ ጂቱ፣ አሁን አየዋለሁ" አልኳቸው። ዓምዱን ከፈትኩት። ሃያ አራቱም ንጹሕ! "እሰይ! ያንቱም ላም ኮርማውም ደህና ናቸው" አልኳቸው። ሲመርቁኝ ሲመርቁኝ ስልኩን መዝጋት አቃተኝ። ታዲያ እነዚያ ጥጆች በምን ሞቱ ብዬ አልጠየቅሁም።

ማክሰኞ ጠዋት የቀረውን ከፈትኩ። የመጀመሪያው ፖስታና ሁለተኛው አንድ ናቸው። ሦስተኛውም። እስከ ሃያ አራት ወረድኩ፤ ስልሳውም ቦታ ላይ ቅንጣት ልዩነት የለም። ቱቦዬ ተበክሎ ይሆን ብዬ ለማመሳከሪያ ባዶ ውሃ ብቻ ያስገባሁበትን ቱቦ አየሁ፤ ምንም የለበትም። ከዚያ የኮርማውን ፖስታ አየሁ። ሴት ይላል። በስመ አብ! ኮርማው ላም ሆኖ ቁጭ!

ዲንሳን ጠራሁት። "ይሄ ምንድነው?"

ዓይኑን በጨው አጥቦ ሳቀ። "አንቺ ደግሞ! የደንዲ ላሞች ይራገጣሉ። ጊንጪ ያለችው የአከራዬ ላም ገራም ናት፤ ሁሉንም ከሷ ነቀልኩት። ላም ላም ነው፣ ምን ልዩነት አለው?"

"የኮርማውንስ?"

"የኮርማውንማ ማን አባቱ ይጠጋዋል!"

ቱ! ያንን ሳቁን ባስታወስኩ ቁጥር ምግብ አይወርድልኝም። እየሮጥኩ ኃላፊያችን ዶክተር ሚልኪያስ ዘንድ ገባሁ። ጥሬ ሥጋ በልቶ ተመልሶ ጥርሱን በስቴኪኒ ይጎረጉራል። እስክጨርስ እንኳ አልጠበቀኝም።

"ሪፖርቱ ትናንት ሄዷል፤ ንጹሕ ተብሏል። አሁን የአንድ ላም ጭራ ነው ብለን ልንዋረድ ነው?" ከስቴኪኒው ጫፍ ላይ ያለውን አይቶ መልሶ አፉ ከተተው። "ሰው አልሞተ ሩት። ጥጃ ነው።"

ተጠየፍኩት። ወንበሩን፣ ጠረጴዛውን፣ እዚያ ክፍል ውስጥ የምተነፍሰውን አየር ሳይቀር ተጠየፍኩት። በሩን ወርውሬበት ወጣሁና ኮሪደር ላይ ቆሜ ደወልኩ።

"አዴ ጂቱ፣ ላሟን ኮርማው ዘንድ እንዳይወስዷት! ውጤቱ ልክ አይደለም!"

"ምን ማለትሽ ነው?" አሉ። "ትናንት አንቺ ስልኩን እንደዘጋሽ አይደል ነድቼ የወሰድኳት? ተጠቅታለች እኮ።"

ዲንሳ እንዲህ አድርጎ፣ ፖስታዎቹ እንዲህ ሆነው፣ ኃላፊያችን እንዲህ ብሎ እያልኩ ለፈለፍኩ። የራሴ ድምፅ ለራሴ አስጠላኝ፤ የቀሩትን ዓምዶች ያኔውኑ ብመለከት ኖሮ አምስት ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር።

"ያ ሰውዬ ስሜን ጽፎ ሄደ፤ ላሜን በእጁም አልነካት" አሉ አዴ ጂቱ። "እሱን መች አመንኩት ልጄ? እኔ ያመንኩት አንቺን ነው።"