የማትታቀፍ ወፍ

ረቢአ ዶሮ ታውቃለች። ከሚሴ ውስጥ ስለ ዶሮ ከሷ ጋር እከራከራለሁ የሚል ካለ ይምጣና ይሞክራት! እንቁላሉን ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጋ "ይሄ ሕይወት አለው፣ ይሄ ውሃ ነው" ካለች አለቀ። ጎረቤቱ ሁሉ ዶሮ ከማስታቀፉ በፊት እንቁላሉን በሰፌድ ይዞ እሷ ደጅ ይቆማል። እንዲህ ያለች ሴት ናት እንግዲህ በስተርጅና በአንድ ካርቶን ወፍ የተሞኘችው።

ጥፋቱን ባሏ ላይ መጣል ይቀላል። ሙሀመድኑር ክፉ ሰው አይደለም፤ አዲስ ነገር ከሰማ ግን እንቅልፍ የለውም። የወንድሙ ልጅ ሙጂብ ከኮምቦልቻ መጥቶ ስለ ድርጭት ርቢ ሲያወራለት ዋለ፣ በቃ! ዶሮ እንቁላል እስክትጥል ግማሽ ዓመት ታስጠብቃለች፣ ድርጭት ሁለት ወር ሳይሞላት ትጥላለች። አንድ ዶሮ በምትቆምበት ቦታ አምስት ድርጭት ይኖራል። የዶሮ በሽታው ፈንግልም እንደ ዶሮ አይፈጃትም። ሙጂብ ይህን ሁሉ የሚናገረው እንደ ሸምዳጅ ተማሪ ነበር።

"ደሞ ከሰማይ የወረደች ወፍ ናት" አለ ሙሀመድኑር ለሚስቱ። "ለነቢ ሙሳ ሕዝብ በረሃ ላይ አላህ ያወረደላቸው ምንድን ነው? ሰልዋ! ሰልዋ ማለት ድርጭት ናት። ቁርአን የጠራትን ወፍ ነው እምቢ የምትይው፣ አንቺ ሴትዮ?"

"ለነሱ ከሰማይ ነው የወረደችው፤ ያንተዋ በሙጂብ ካርቶን ነው የምትመጣው" አለችው።

እንዲህ ስትመልስለት ምክንያት ነበራት። ግቢዋ ውስጥ ያሉት ዘጠኝ ዶሮዎች ለሰልማ የታሰቡ ናቸው። ሰልማ አንድ ልጇ ናት፤ ሰንበቴ ከተማ ነው የተዳረችው። አምና የመጀመሪያ ልጇን አማቶቿ ቤት ወልዳ፣ ሕፃኑ ሳምንት ሳይሞላው ቀበሩት። ረቢአ ሄዳ የልጇን ፊት ባየች ጊዜ "የሚቀጥለውን እኔ ቤት ነው የምትወልጅው፣ ወላሂ!" ብላ ማለች። ሰልማ ሁለተኛውን ስታረግዝ አማቷ ፋይዛ ፈቀደች፤ ግን አንድ ቃል አሰረችባት። "አርባ ቀኗን ካንቺ ጋ ትታረስ። እንደ አራስ ካልተያዘች ግን መጥቼ እወስዳታለሁ፤ እንዳትቀየሚኝ።" በነሱ ዘንድ አራስ የምትያዘው ደግሞ በዶሮ መረቅ ነው። ሌላው ሁሉ ቢሟላ፣ ዶሮ ያልታረደላት አራስ "ሰው የላትም" ትባላለች።

ከዘጠኙ ገብስማዋ ትለያለች። ቀኝ እግሯ ላይ አንድ ጣት የላትም፤ ከጫጩቶቿ ጋር እያለች ሸለምጥማጥ ገጥማ ነው የቀረው። ጎተራው ሥር ገብታ ሃያ አንድ ቀን ስትታቀፍ ለውሃ እንኳ በግድ ነበር የምትነሣው። ረቢአ ለዚህች ዶሮ የምታወራውን ያህል ለባሏ አታወራም ብለው ይስቁባታል።

ታዲያ ምን አሳታት? ፍርሃት። ሰልማ አምስት ወሯ ሲገባ ላይኛው ሰፈር ፈንግል ገባ። በሁለት ቀን ውስጥ ቤት ሁሉ ባዶ ቆጥ ብቻ ቀረው። ሙሀመድኑርም ጊዜውን አውቆ ተናገረ። "ነገ የኛንም ቢጨርሳቸው ለሰልማ ምን ታርጃለሽ? ድርጭቶቹ እስከዚያ ይራቡና መቶ ይሆኑልሻል።" ረቢአ ሌሊቱን ስትገላበጥ አድራ ጠዋት የዘጠኙንም እግር በገዛ እጇ አሰረች። ገብስማዋ ዝም ብላ ታሰረችላት፤ እጇን ታውቀዋለቻ! ሙሀመድኑር ሰንበቴ ገበያ ወስዶ ሸጣቸው። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይባል የለ? እዚህ የታለለችው ዶሮዋ አልነበረችም።

በዶሮዎቹ ገንዘብ ከሙጂብ ሃያ ድርጭት በካርቶን መጣ። የሽቦው ቤት ጎተራው ሥር ተቀመጠ። እውነት ለመናገር መጣሉንስ ጣሉ። ዝንጉርጉር፣ አውራ ጣት የምታህል እንቁላል። ሙሀመድኑር በኪሱ ይዞ መስጊድ ደጅ ለሰው እያሳየ ከረመ። ረቢአ ግን መታቀፋቸውን ነው የምትጠብቀው። ጭድ አነጠፈችላቸው። ቤታቸውን በነጠላ አጨለመችላቸው። በአጠገባቸው በእግሯ ጣት ሄደች። ድርጭቶቹ እንቁላላቸውን ይጥላሉ፣ ረግጠውት ያልፋሉ። አንዷ እንኳ ዞር ብላ አላየችም። እናት አይደሉም እንዴ እነዚህ?

በወሩ ሙሀመድኑር ሙጂብ ጋ ደወለ።

"ድርጭት እኮ አትታቀፍም" አለ ሙጂብ። "የቤቷ ድርጭት መታቀፍ ትታለች። መፈልፈያ ማሽን አልገዛችሁም እንዴ?"

"ስለ ማሽን መች ነገርከኝ?"

"መች ጠየቅከኝ፣ አጎቴ?"

ረቢአ ከጎረቤቷ ከዙቤይዳ የምትታቀፍ ዶሮ ተውሳ አሥራ አምስት የድርጭት እንቁላል ሥሯ አደረገች። ዶሮዋ ከባድ፣ ቅርፊቱ ስስ ሆነና በሳምንቱ ሁሉም ተሰባብሮ ላባዋ ላይ ደርቆ ተገኘ። ዙቤይዳ ዶሮዋን እያጠበች "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" አለች፤ ድምፅዋንም ዝቅ አላደረገችም። ድርጭት እንደ ዶሮ ጓሮ ጭራ አትበላም፤ መኖዋ ከሩቅ የሚመጣ ነው። ማሽላ ሲሰጧቸው መጣል አቆሙ። አንድ ቀን ድመት ሽቦውን ብትነካው በድንጋጤ ወደ ላይ ተወርውረው ጣሪያው ጭንቅላታቸውን መታው፤ ስድስቱ በዚያው ቀሩ። የቀሩትም አንድ በአንድ እየሞቱ አነሱ።

ሰልማ ልትወልድ ስትመጣ ስምንት ቀርተው ነበር። ዶሮዎቹን ስትጠይቅ ረቢአ "ፈንግል" አለቻት። ለልጇ የዋሸችው ያን ጊዜ ነው። ሰልማም ጓዟን ፈታች።

ልጅቷ በሰላም ተወለደች፣ አልሐምዱሊላህ። ሙሀመድኑር ቢስሚላህ ብሎ ሦስት ድርጭት አረደ፤ ሦስቱ ተደምረው አንድ ሳህን አልሞሉም። ሰልማ አጥንቱን እየመጠጠች "ይጣፍጣል፣ እማ" አለች። ረቢአ ፊቷን አዙራ እሳቱን ቆሰቆሰች። በሳምንቱ ሁለት ብቻ ቀሩ። በዓል ደርሶ ገበያ ላይ የዶሮው ዋጋ አይቀመስም፤ ከዚያ በኋላ አራሷ የምትጠጣው አጥሚት ነበር።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ፋይዛ ከሰንበቴ መጣች። "አካም ጅርቱ?" አለች ከደጅ። ነጠላዋ ውስጥ የታቀፈችውን ዶሮ መሬት ላይ አውርዳ እግሯን ፈታችላት። "ለአራሳችን ናት። ባዶ እጄን አልመጣ ብዬ ነው፤ እናንተማ መቼም አይጎድልባችሁም።"

ዶሮዋ ገብስማ ናት። ቀኝ እግሯ ላይ አንድ ጣት የላትም።

ዶሮዋ ግቢውን አንዴ ዞር ብላ አየች፤ ከዚያ ሰው እንደ ጠራት በሙሀመድኑር እግር ሥር አልፋ ቀጥ ብላ ወደ ጎተራው ሄደች። የድርጭቶቹን ሽቦ አገኘች። ዞረችው፣ መግቢያ አጣች፣ ከፊቱ መሬት ላይ ተኛች።

"ቤቷን እንደሚያውቅ ሰው!" ብላ ሳቀች ፋይዛ። "ከገበያ ከገዛኋት አራት ወሯ ነው፤ አሥር ጫጩት አውጥታልኛለች…" ንግግሯን ሳትጨርስ አቆመች። ሽቦውን አየች። ባዶውን ቆጥ አየች። አልጋው አጠገብ ያለውን የአጥሚት ኩባያ አየች። ሙሀመድኑር መሬት መሬት ያያል። ያ ከሰማይ ስለ ወረደች ወፍ ሲሰብክ የከረመ አፍ!

ፋይዛ ክፉ ቃል አልተናገረችም። ብትናገር ይሻል ነበር። "እህቴ፣ ነገ ሰልማን ይዣት ልሂድ። አንቺም ትንሽ ትረፊ" አለች ብቻ።

ረቢአ ወደ ጎተራው ሄዳ ጎንበስ አለች። ገብስማዋ አልሸሸችም፤ እጇን ታውቀዋለቻ። አንሥታ ለባሏ ሰጠችው።

"እረዳት" አለችው። "ለሰልማ ነው ያሳደግኳት።"

ወጡን ራሷ ሠራችው፤ ላባውንም ራሷ ነጨችው። ሰልማ ሁለት ጉርሻ በልታ እጇ ቆመ።

"እማ፣ አውቃታለሁ" አለች ቀስ ብላ። "ፋይዛ ከገበያ ይዛት የገባች ዕለት ነው ያወቅኋት። የማን እንደሆነች አልነገርኳትም።"

"ታዲያ ቤቴ ባዶ መሆኑን እያወቅሽ ለምን መጣሽ?"

"አንቺ ጋ ነው የመጣሁት እንጂ ዶሮ ልበላ ነው እንዴ?"

ረቢአ ያን ጊዜ አለቀሰች። አርባውን ቀን አጥሚት ጠጥታ ልትቆይላት የመጣችውን ልጅ ነው በገዛ እጇ ያስወሰደቻት። አሁን ቃል ቃል ነው፣ ፋይዛም ዓይኗ አይቷል።

በማግስቱ መኪና መጥቶ አራሷንና ሕፃኗን ወሰዳቸው። ረቢአ ደጁ ላይ ቆማ አቧራው እስኪበርድ አየች። ሙሀመድኑር ከኋላዋ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ሙጂብ ማሽኑን አገኝላችኋለሁ ይላል" አለ።

ረቢአ ገብታ የሰልማን አልጋ ማንሣት ጀመረች።