«አለሁ» የምትለው መስመር

ከመጋረጃ ወዲያ ሆኖ የሰማው ወሬ ነው፤ ያኔ ገና ፊደል አልለየም። አባቱ የፋብሪካ የእንፋሎት ጋን ጠባቂ ነበሩ። በየግማሽ ሰዓቱ ጋኑን አይተው፣ ደህና ከሆነ ደወል ይመታሉ። ወሬውን የሰማው ጋኑ ፈንድቶ ሁለት ሰው በተቀበረ ማግስት ነው።

«ደወሉማ ሲመታ ነበር እኮ!» አሉ አጎቱ።

«የምትመታልኝ ሻይ ሻጯ ነበረች። እኔን እንቅልፍ ጥሎኝ ነበር» አሉ አባቱ።

«ታዲያ ተናገርክ?»

አባቱ የመለሱትን አያስታውስም። ዝምታው መርዘሙን ብቻ ያስታውሳል።

ዛሬ እሱ ሃምሳ ሊሞላው ነው። ለመተንፈሻ ማሽን ከርነል፣ ማለትም የማሽኑን ሥራ ሁሉ የሚያዝዘውን እምብርት ይጽፋል። እዚያ ውስጥ አንድ ዘበኛ አኑሯል፤ ከሦስት ወደ ዜሮ የሚቆጥር። አየር የሚገፋው ፕሮግራም በየሰከንዱ «አለሁ» ካለው ቆጠራውን ከሦስት ይጀምራል፤ ድምፁ ከጠፋበት ማሽኑን አጥፍቶ ያስነሳዋል።

ባለፈው ሳምንት አንድ ሆስፒታል ውስጥ አየር ገፊው ደርቆ ቀረ። ዘበኛው ንቅንቅ አላለም። አረንጓዴው መብራት እንደበራ፣ ልጃቸው እጃቸውን እንደያዘች፣ አንዲት እናት ሞቱ።

ማሽኑ የመዘገበውን ከፍቶ አነበበ። እስከ መጨረሻው «አለሁ፣ አለሁ፣ አለሁ» ይላል። ከርክክቡ በፊት ማሽኑ በሙከራ ላይ እየደጋገመ ቢጠፋበት፣ ያቺን «አለሁ» የምትለውን መስመር ከአየር ገፊው ነቅሎ የማሽኑ ሰዓት ላይ ሰክቷት ነበር፤ ለጊዜው ብሎ። ሰዓት ደግሞ ሌላው ሁሉ ቢሞት መምታቱን አይተውም።

አለቃው ይህን ሲሰማ ተነስቶ በሩን ዘጋ።

«ስማኝ ወንድሜ፤ ሆስፒታሉ ራሱ የመብራት ችግር ነው ብሏል። ሆድ ይፍጀው።»

«ሆዴ ስንቱን ይፍጅ? አሥራ አንድ ማሽን ሰው ላይ ተሰክቷል እኮ።»

«አስተካክለው! ማሻሻያ ነው ብለን እንልካለን።»

«አስተካክሎ መፈተሹ አራት ቀን ይፈጃል። እስከዚያ ቢደርቅስ?»

«አንተ ጸሎተኛ፣ እኔንም ይዘኸኝ ገደል ልትገባ ነው?»

«ገደሉ ውስጥማ ገብተናል። ይዤህ ልወጣ ነው።»

አለቃው አልሳቀም። መስኮት መስኮቱን ሲያይ ቆየ። ያ የጥንቱ የአባቱ ዝምታ ተመልሶ መሃላቸው የተቀመጠ መሰለው። በልቡ «አቤቱ» አለና ጠበቀ።

«እሺ» አለ አለቃው በመጨረሻ፣ ስልኩን ወደ ራሱ እየሳበ። «አሥራ አንዱም አሁኑኑ በሌላ ይተኩ። ምክንያቱንም ሳልሸፋፍን እነግራቸዋለሁ። ለልጅቷ ግን… እኔ ምን አፍ አለኝ?»

«ለሷ እኔ እነግራታለሁ» አለና ኮቱን አነሳ።