የዳኑታ ጭጋግ

ራዴክ በመስከረም መጨረሻ ከደብሊን ደውሎ፣ ከሚስቴ ከኪንጋና ከትንሿ ልጃችን ጋር ለቅዱሳን ሁሉ በዓል ስንመጣ የክራኮቭ አየር ምን ይመስላል፣ ለልጅቷስ ምን እንያዝላት ብሎ ጠየቀ። እናቱ ዳኑታ ከዚያን ቀን ጀምሮ እረፍት አጣች። በጥቅምት ማለዳው ጭጋግ፣ ቀትሩ ፀሐይ፣ ምሽቱ አጥንት ድረስ የሚዘልቅ ብርድ መሆኑን የከተማው ሰው ሁሉ ያውቃል። ዳኑታ የሚታያት ግን ማለዳውና ምሽቱ ብቻ ነው። በየቀኑ ጻፈችለት፦ ወፍራም ካፖርት ያዙ፣ ውሃ የማያስገባ ጫማ አትርሱ፣ የከሰል ጭሱ ለልጅቷ ደረት አይሆንም፣ ጭጋጉ ከጠና አውሮፕላኑ ሌላ ከተማ ወስዶ ያራግፋችኋል።

ጎረቤቷ ያድቪጋ፣ «አንቺ እኮ ልጅሽን እየጠራሽው አይደለም፣ እያባረርሽው ነው» ብላ ሳቀችባት።

ባሏ ዜኖን ከሞተ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። ሰው ሁሉ የዘመዱን መቃብር በሚጎበኝበት በቅዱሳን በዓል፣ ያለፉትን ሁለት ዓመታት መቃብሩ ላይ ሻማ ያበራችው ብቻዋን ነበር። ዘንድሮ ግን ከነራዴክ ጋር አብረው ሊሄዱ ተስማምተዋል። አበባውን ገዛች፤ አልጋ አነጠፈች።

በበዓሉ ሳምንት ረቡዕ ዕለት ራዴክ ጻፈ። አንቺ እንዳልሽው ጭጋጉ አስፈራን፣ ልጅ ይዘን መንገድ ላይ ከምንቀር ለገና እንመጣለን አለ። ዳኑታ አለቀሰች፤ ግን አመነችው። የገዛ ቃሏን እንዴት ታስተባብል?

አርብ ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ሰውን በሸሚዝ አስወጥቶት ሳለ፣ ድምፁን ልስማ ብላ ደወለችለት። ደብሊን እየዘነበ ነው አላት። ከኋላው የሳህንና የማንኪያ ኳኳታ፣ የጋሪ ፈረስ ኮቴ ይሰማል። ቀጥሎ ከላይ ጥሩምባ ተነፋ።

እዚሁ ክራኮቭ ከማርያም ቤተ ክርስቲያን ማማ በየሰዓቱ የሚነፋው፣ ዜማው ሳያልቅ ድንገት የሚቆረጠው ጥሩምባ ነው። ሬዲዮ ነው እንዳትል፣ በሬዲዮ የሚተላለፈው የእኩለ ቀኑ ብቻ ነው፤ ይሄ የዘጠኝ ሰዓቱ ነው። ራዴክ ስምንት ዓመት የተማረው ከማማው ሥር ስለሆነ ጆሮው ለምዶታል። ስለ ደብሊን ዝናብ ማውራቱን ቀጠለ።

ዳኑታ ጥሩምባው እስኪቆረጥ ጠበቀች።

«ማን ጋ ነው ያረፋችሁት?»

«የኪንጋ እናት ጋ» አለ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከማክሰኞ።»

ረቡዕ የጻፈላት እዚሁ፣ በትራም ግማሽ ሰዓት ርቀት ላይ ሆኖ ነው ማለት ነው።

«እማዬ፣ ባለፈው ስንመጣ ይበርዳታል ብለሽ ልጅቷን አምስት ቀን ከቤት አላወጣሻትም። ኪንጋ መረራት። ትንሽ ፀሐይ ታግኝ ብለን ነው።»

«መዋሸቱንስ ዋሸኸኝ። የራስህን ምክንያት ብትፈልግ ምን ነበረበት? የኔን ጭንቀት ወስደህ መልሰህ ለኔው?»

ይቅርታ ጠየቃት፤ እሁድ መጥቼ ልውሰድሽና አባዬ ጋ አብረን እንሂድ ብሎ ለመናት።

«ጠዋት እናንተ ሂዱ። እኔ ከሰዓት እሄዳለሁ።»

«በቅዱሳን በዓል ለየብቻ? ጎረቤቱ ሁሉ እዚያ ነው እኮ። እናትህስ ቢሉኝ ምን እላለሁ?»

«ጭጋግ ፈርታ ቀረች በላቸው» አለችና ስልኩን ዘጋችበት።