የአባት ፊርማ

ልብስ ሰፊዋ የሟች እህቷን ልጆች ማሳደግ ከጀመረች ስድስተኛ ዓመቷን ይዛለች። ትልቋ ሚጡ ናት፤ ምላሷ ከዕድሜዋ የሚቀድም። ትንሹን ሰው ሁሉ ጢኖ ይለዋል፤ እናቱ በወሊድ ስለሞተች በጡጦ ያደገ ነው። አክስቱን እማ ነው የሚላት። አባታቸው ሹፌር ነበር፤ ከቀብሩ በኋላ ሥራ ልፈልግ ብሎ እንደወጣ የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ።

የሚኖሩት አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ቀን የስፌት መኪናው መስኮቱ ሥር ይቆማል፤ ሲመሽ ወደ ጥግ ይገፋና ፍራሹ ይዘረጋል። ሰፊዋ ዩኒፎርም እየሰፋች፣ ሱሪ እያሳጠረች ከእጅ ወደ አፍም ቢሆን አኑራቸዋለች። ዘንድሮ ግን ወላጅ ሁሉ ዩኒፎርም ከሱቅ ይገዛ ጀመር፤ መኪናውም ጾሙን ይውላል።

«መንግሥት ልጅ ለሚያሳድጉ ድጎማ ይሰጣል አሉ» አለቻት ጎረቤቷ ጸጉር ሠሪዋ። «አንቺ ያልተረዳሽ ማን ሊረዳ ነው?»

ሄደች። ተራዋ ሲደርስ የቀበሌው ጸሐፊ ከመነጽሩ በላይ አያት።

«እናታቸው ነዎት?»

«አክስታቸው ነኝ። እናታቸው ሞታለች።»

«አባታቸውስ?»

«መኖሩንም እንጃ።»

«ካለ በአሳዳጊነትዎ ተስማምቶ መፈረም አለበት። ያለ እሱ አይሆንም።»

የጭነት መኪና ተራ ለተራ፣ ጋራዥ ለጋራዥ ስትጠይቅ ከረመች። በመጨረሻ ከከተማው ዳር፣ አንድ የመኪና ማቆሚያ ሲጠብቅ አገኘችው። በአደጋ አንድ እግሩ ተጎድቶ ያነክሳል። ሌላ ሚስት አግብቷል፤ እሷም ነፍሰ ጡር ናት። የልጆቹን ፎቶ ስታሳየው አለቀሰ።

«እፈርማለሁ፤ ይህን እንኳ ላድርግላቸው» አላት። ሲናገር ከልቡ ነበር።

በቀጠሮው ቀን ጸሐፊው ሁለቱንም አስቀመጣቸውና፣ እንደ ደንቡ፣ ምርጫውን ለአባትየው አስረዳው። ይፈርማል፣ ወይም ልጆቹን ወስዶ ድጎማውን ራሱ ይቀበላል። አባትየው ስንት እንደሆነ ጠየቀ። ሲነገረው መሬት መሬት አየ።

«ልጆቼን እወስዳለሁ» አለ ቀስ ብሎ።

ሰፊዋ የሰማችውን አላመነችም። «ጢኖ ስንት ዓመቱ ነው? እስቲ ንገረኝ።»

አባትየው ወደ ጸሐፊው ዞረ።

«እሱን እዚህ አንጠይቅም፣ እትዬ» አለ ጸሐፊው።

«እንግዲያው ማመልከቻዬን መልሱልኝ። ድጎማውም ይቅርብኝ።»

«ማመልከቻውን መመለስ ይቻላል። የአባትነት መብቱን ግን እኔ ልወስድበት አልችልም። ቅር ካለዎት ፍርድ ቤት አለ።»

ፍርድ ቤትም ሄደች። ዳኛዋ አባትየው ይማታ እንደሆነ፣ ይጠጣ እንደሆነ ጠየቀቻት። መዋሸት አልሆነላትም፤ አይማታም፣ አይጠጣም አለች። ጉዳዩ በዚሁ አለቀ፤ ልጆቹ ለአባታቸው ተፈረዱ። ቅንድብ ልኳል ብላ ዓይኗን አጠፋች፤ ሰው ሳይነግራት ራሷን ስትረግም ሰነበተች።

ሊወስዳቸው በጓደኛው መኪና መጣ። ጢኖ ሽርሽር መስሎት መስኮቱ ጋ ልቀመጥ ብሎ ተጣላ። ሚጡ ያች ምላሰኛ አንዲት ቃል አልወጣትም።

«እማ፣ አንቺ ከኋላ ትመጫለሽ አይደል?» አላት ጢኖ።

«እመጣለሁ» አለችው።

ልትጠይቃቸው የሄደችው ከወራት በኋላ ነው፤ አንጀቷ ይችለው አልመሰላትም ነበር። የአባትየው ሚስት ወልዳለች፤ ገና አልጋ ላይ ናት። ሚጡ ሕፃኑን አዝላ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ላይ አጎንብሳ አገኘቻት። ቀኑ የትምህርት ቀን ነው።

«ለምን አልሄደችም?» አለችው አባትየውን።

«እኔ ሥራ ነኝ፣ እሷ አራስ ናት። ማን ይያዘው?» አለ። «ድጎማውም ለቤት ኪራይ እንኳ አይሞላም። ሌላ ምን ላድርግ?»

ክፋት አልነበረውም። ክፋት ቢኖረው ቢያንስ ትጮህበት ነበር።

ጢኖ ከአልጋው ጀርባ ሆኖ አያት፤ ስትጠራው አልመጣም። የአራሷን ቀሚስ ይዞ፣ እንዳላወቃት ሆኖ «እማ፣ ማናት?» አለ።

ሚጡ እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ሸኘቻት፤ ሕፃኑ ጀርባዋ ላይ ተኝቷል።

«ምን ልስፋልሽ?» አለቻት።

«ምንም። የት እለብሰዋለሁ?»

አውቶቡሱ እስኪመጣ ጎን ለጎን ቆሙ። ሰፊዋ የልጅቷን እጅ ያዘች፤ በውሃ ተሸብሽቦ ቀዝቅዟል።